ከላውንጁ በር ወዲያና ወዲህ
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ምሳ ስንበላ ከደጋፊዎቻችን አንዱ የት እንደምንሠራ ጠየቁን። «አየር ማረፊያ፣ ላውንጅ ውስጥ» አልናቸው። «ታድላችሁ! እኔ እዚያ ስገባ ቤቴ የገባሁ ነው የሚመስለኝ» አሉን። ከጎናቸው የተቀመጠች እህታችን ሹካዋን አስቀመጠችና «ቆይ፣ ላውንጅ ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህች እህታችን በየሁለት ዓመቱ አገር ቤት ትመላለሳለች። የዚያን በር አጠገብ ስንት ጊዜ እንዳለፈች እግዚአብሔር ይወቀው። ሰውየው እንዲያስረዷት ወደ እኛ አዩ፣ እኛ ወደ እሳቸው አየን፣ ተሳሳቅን፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ግን አልረሳውም። ለዘንድሮው ስብሰባ «ያንን ጥያቄ መልሱልን» ብሎ አዘዘን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አምስት ነን። ሁለታችን ሰሃንና ብርጭቆ እናነሳለን፤ አንዷ ወጥ ቤት ናት፤ አንዷ የሻወር ክፍሎችን ታጸዳለች፤ አንዷ ዊልቸር ትገፋለች። የምታነበው አንዷ ብትሆንም ቃሉ የአምስታችን ነው። የምንሠራበትን ድርጅት ስም አንጠራም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

ላውንጅ በአማርኛ «የእንግዳ ማረፊያ» ይባላል። ማረፊያ ሲባል ግን አልጋ ያለበት ስለሚመስል፣ እኛ እንደለመደብን ላውንጅ እያልን እንቀጥላለን። ባጭሩ ተጓዡ ፍተሻውን ካለፈ በኋላ አውሮፕላኑ እስኪነሳ የሚቆይበት፣ ከሌላው ሕዝብ የተለየ ክፍል ነው። በር አለው፤ በሩ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ሰው አለ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ማን ይገባል? የቢዝነስ ክላስ ትኬት የያዘ ይገባል። የኢኮኖሚ ትኬት ይዞም ብዙ በመብረሩ የወርቅ ደረጃ ካርድ ያገኘ ይገባል። አንዳንዱ ላውንጅ በር ላይ ገንዘብ ተቀብሎ ያስገባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዓመታዊ ክፍያቸው ውድ የሆኑ ክሬዲት ካርዶች የላውንጅ መግቢያ ይሰጣሉ፤ ዛሬ አንዳንዱ ላውንጅ በር ላይ እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ለምን እንደምትጨክን ብዙ ሰው አይገባውም። አብዛኛው ላውንጅ የሚሠራው በውል ነው፤ አየር መንገዱ ወይም የካርዱ ድርጅት ለላውንጁ የሚከፍለው በገባው ሰው ቁጥር ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ራስ ትቆጠራለች። «ልጄን ብቻ ላስገባ» የሚላት ሰው ለእሷ ያልተከፈለበት ራስ ነው። ቁጥሩ ሲዛነፍ የምትጠየቀው ራሷ ናት።

እንግዲህ በሩ ተከፈተ እንበል።

ተጓዡ መጀመሪያ የሚያገኘው ምግቡን አይደለም፤ ዝምታውን ነው። ውጭ ማይክሮፎኑ ይጮሃል፣ የሻንጣ ጎማ ይንኳኳል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ቴሌቪዥኑ ለማንም ያወራል። ውስጥ ምንጣፍ አለ። የሰው ትከሻ ዝቅ ሲል ከሩቅ ይታየናል። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ቆም ይልና ወንበር ይመርጣል። አመራረጡን ለዓመታት አይተነዋል፦ ፈረንጁ ከሰው የራቀውን ወንበር ይመርጣል፣ አጠገቡ ማንም እንዳይቀመጥ ቦርሳውን ጎኑ ያኖራል። የእኛ ሰው ሲገባ ደግሞ ሰው ወዳለበት ያያል። አንድ ሐበሻ ካለ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ከዚያ «ከየት ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?» ይጀመራል። ሱፐርቫይዘራችን አንድ ጊዜ «እነዚህ ሰዎች ይተዋወቃሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። «አሁን ተዋወቁ» አልነው።

ወደ ምግቡ ስንመጣ እውነቱን እንናገራለን፤ ከቤታችሁ ምግብ አይበልጥም። ሾርባ አለ፣ ሰላጣ አለ፣ ፓስታ ወይም ሩዝ ከዶሮ ጋር አለ፣ አይብና ወይራ አለ፣ ጣፋጭ አለ። ቡናው ከማሽን ነው። መጠጥ በነፃ ነው፤ ነፃ ስለሆነ ብቻ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ዊስኪ የሚቀዳ ሰው አይጠፋም። ቦሌ ያለው የአየር መንገዳችን የክላውድ ናይን ላውንጅ በዚህ ይበልጣል፤ እዚያ ቡና በጀበና ይፈላል፣ ያለፉበት አባሎቻችን ሽታውን እያነሱ ያስቀኑናል።

ለጿሚዎቻችን አንድ ምክር አለን፤ ወጥ ቤት የምትሠራው እህታችን ይህን ካልተናገርሽ አታንብቢ ብላናለች። የምስር ሾርባ ስላያችሁ የጾም ነው ብላችሁ አትቅዱ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዶሮ መረቅ ነው። ክሮሳንቱ ቅቤ ነው። «ፋስቲንግ» ብላችሁ ብትጠይቁ አይገባቸውም፣ ምንም የማትበሉ ይመስላቸዋል። «ቪጋን» በሉ፤ ያኔ ሁሉም ይገባዋል፣ የሾርባውንም እውነት ይነግሯችኋል። ሁመስ፣ ወይራ፣ ፍራፍሬና ዳቦ አያስቸግሩም። አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትተናል።

ከምግቡ ይልቅ ለተጓዡ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ስልክ የሚሞላበት ሶኬት በየወንበሩ አለ። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ የሆነው በየሰላሳ ደቂቃው የምታጸዳው ሰው ስላለች ነው። ሻወር አለ፤ ስም አስመዝግቦ ተራ መጠበቅ ነው፣ ፎጣና ሳሙና ይሰጣል። ከሌላ አገር መጥቶ አምስትና ስድስት ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ታጥቦ ሲወጣ ሌላ ሰው ነው። ሸሚዝ ቀይሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ከገባበት ፊት በሌላ ፊት ይወጣል።

አንድ አደጋ ግን አለ። ብዙ ላውንጅ የበረራ ጥሪ በድምፅ አያሰማም፤ ጸጥታውን ላለማደፍረስ ነው። ተጓዡ ራሱ ሰሌዳውን ማየት አለበት። ወንበሩ ይመቻል፣ ሆድ ሞልቷል፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፣ እንቅልፍ ይወስዳል። የአውሮፕላኑ በር ደግሞ የሚዘጋው ከመነሻው ሰዓት አስቀድሞ ነው። የቢዝነስ ክላስ ትኬት ይዞ፣ ላውንጅ ውስጥ ተኝቶ አውሮፕላን ያመለጠውን ሰው አይተናል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ሰሃን ስናነሳ የተኛ ሰው ካየን ቦርዲንግ ፓሱን ከጠረጴዛው ላይ እናነባለን። ሰዓቱ ከደረሰ እናሳልና ብርጭቆውን ጠንከር አድርገን እናነሳለን። መንካት አይፈቀድልንም፤ ማሳል ግን የከለከለን የለም።

ከሁሉም የሚታወሰን ምግብ የማይነካው ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚመጣ፣ ሁሌ ያችኑ የጥግ ወንበር የሚይዝ። አንዱ ሁልጊዜ ማታ በአንድ ሰዓት ስልኩን ብርጭቆ ላይ ደገፍ አድርጎ ለልጁ ተረት ያነብለታል። ልጁ ሲተኛ ስልኩን ይዘጋል፣ ከዚያ ግድግዳውን እያየ ይቆያል። ስንቀናበት የነበርነው ሰው ነው። እኛ እንኳ ሺፍታችን ሲያልቅ ልጆቻችንን አስተኝተን እናድራለን።

ስለ ታሪኩ ጥቂት እንበል፤ ይህን የሰበሰበችልን በቤተ መጻሕፍት የምታገለግለው የአባላችን ልጅ ናት። የአየር መንገድ ላውንጅ በአሜሪካ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ አሜሪካን ኤርላይንስ ኒው ዮርክ በላጓርዲያ አየር ማረፊያ «አድሚራልስ ክለብ» ብሎ ከፈተው። ያኔ መግቢያው በግብዣ ነበር፤ አየር መንገዱ የወደደውን ሰው ይጠራል፣ ያልወደደው ውጭ ይቀራል። ሌላም አገኘችልን። ዩናይትድ ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1970 ከኒው ዮርክ ወደ ቺካጎ ወንዶች ብቻ የሚሳፈሩበት በረራ ነበረው። ሴት ተሳፋሪ ትኬት መግዛት አትችልም። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች አስተናጋጆቹ ብቻ ነበሩ፤ ስቴክ ያቀርባሉ፣ ሲጋር ያቀጣጥላሉ። ይህን ስናነብ ሰሃን ከምናነሳው አንዷ «እኔን ነው የጻፉት» አለች።

በጣም ያስገረመን ግን የራሳችን የደለስ አየር ማረፊያ ታሪክ ነው። አሜሪካ የገባን ቀን፣ ከአውሮፕላኑ ስንወርድ የተሳፈርንባትን ያቺን ትልቅ ባለ ጎማ ክፍል ታስታውሳላችሁ? አውቶቡስ የማትመስል፣ ቤትም የማትመስል፣ ሻንጣና ሕፃን ታቅፈን ቆመን የሄድንባት። ስሟ «ተንቀሳቃሽ ላውንጅ» ነው። አየር ማረፊያውን የነደፈው የፊንላንድ ተወላጁ ኤሮ ሳሪነን፣ ሰው በረጅም ኮሪደር ከሚደክም ላውንጁ ራሱ በጎማ እየሄደ ከአውሮፕላኑ ያድርሰው ብሎ ያሰባት ናት። አንዷ 102 ሰው ትይዛለች። ሳሪነን እ.ኤ.አ. በ1961 ሞተ፤ በዓመቱ ኅዳር ላይ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አየር ማረፊያውን መረቁት። በዚያ ሐሳብ ላውንጅ ማለት ትኬት ለያዘ ሰው ሁሉ ነበር። ያቺ እህታችን «ላውንጅ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ለካስ ከሁላችንም በፊት ገብታበታለች።

ወደ ወገኖቻችን እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ስታር አላያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ከሆነ ወዲህ፣ የሼባማይልስ የወርቅ ካርድ ያለው ሰው በኢኮኖሚ ትኬትም ቢሆን ወደ ኅብረቱ ላውንጆች መግባት ይችላል፤ በዚያው በረራ የሚሄድ አንድ ሰውም ይዞ ይገባል። በማኅበራችን ውስጥ ይህ ካርድ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ለንግድ የሚመላለሱ፣ ወላጅ ለማስታመም የሚመላለሱ። ካርዱ ተጨማሪ ሻንጣ እንደሚያስፈቅድ ሁሉም ያውቃል። በሻንጣ ነገር ማንም አይበልጠንም። ላውንጁን ግን አንገባም። ጠይቀናል። አንዷ «ልብሴ ለዚያ አይሆንም» አለች። ሌላዋ «ገንዘብ የሚጠይቁኝ መስሎኝ» አለች። ሦስተኛዋ «እዚያ ገብቼ አንቺ ሰሃን ስታነሺልኝ እንዴት ይሆናል?» አለችን። ለሦስተኛዋ የሰጠናት መልስ «እኛ ካላነሳንልሽ ለማን ልናነሳ ነው?» የሚል ነበር። ልብስን በተመለከተ፣ በፒጃማና በጫማ ጫፍ የሚገቡትን ብታዩ አንድም ቀን አትጨነቁም።

አሁን ያዘንበትን እንናገር። ሁለት ነገር ነው።

የመጀመሪያው በአንዲት እማማ ላይ የደረሰው ነው። ልጆቻቸው ጉልበታቸው ከተቀደደ በኋላ እንዲመቻቸው ብለው ተዋጥተው የቢዝነስ ክላስ ትኬት ገዙላቸው። ወደ አዲስ አበባ ያለው በረራ ወደ 13 ሰዓት ይወስዳል፤ ለእሳቸው እግር ተዘርግቶ መተኛት ቅንጦት አልነበረም። ዊልቸር የምትገፋው እህታችን ደረሰቻቸውና ትኬቱን አይታ በደስታ ወደ ላውንጅ ወሰደቻቸው። በሩ ላይ «እሳቸው ይግቡ፣ አንቺ ግን አትገቢም፣ ዊልቸሩንም እኛ አንገፋም» ተባለች። ደንቡን አንወቅስም፤ እሷንም ሌላ ሦስት መንገደኛ ይጠብቃታል። እማማ ግን እንግሊዝኛ አይሰሙም። ነገሩን ስትነግራቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ብቻዬን የማላውቀው ሰው ቤት አልገባም» አሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ከበሩ አሥር እርምጃ ርቀው፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ተቀመጡ። የሚያሳዝነው፣ በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ ሁለታችን ሥራ ላይ ነበርን። አላወቅንም። እናታችንን ከውጭ ጥለን ለማናውቀው ሰው ሻይ እንቀዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የሺፍታችን ዝርዝር በየሳምንቱ እሑድ ማታ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይላካል። ወላጅ የምትሸኝ አባል ቀኑንና ሰዓቱን ለጸሐፊዋ ትነግራለች። ዊልቸር የምትገፋው ከበሩ ታደርሳለች፣ ውስጥ ያለችው «እንኳን ደህና መጡ እማማ» ብላ ከበሩ ትቀበላለች፣ ወንበር ታስይዛለች፣ ሰዓቱ ሲደርስ ለውጭዋ ትደውላለች። ማንንም ያለ መብቱ አናስገባም፤ ይህን ደጋፊዎቻችን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። የምንሠራው መብት ያለው ሰው ከመብቱ እንዲደርስ ብቻ ነው። እስካሁን 19 እናቶችንና 4 አባቶችን በዚህ መንገድ ሸኝተናል። አንድ አባት ወጥተው ሲሄዱ ለሁላችንም በየተራ መርቀው፣ መጨረሻ ላይ ሱፐርቫይዘሩንም ራሱን ይዘው መረቁት። ጎንበስ ብሎ ተቀበለ።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል። በአካባቢያችን ካሉት ሦስት አየር ማረፊያዎች በአንዱ ይሠራ የነበረች እህታችን ናት፤ የትኛው እንደሆነ አንናገርም። ላውንጅ ማታ ሲዘጋ ከቡፌው የቀረው ምግብ ይጣላል። ጥቁር ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ይታሰራል፣ ይወጣል። ሠራተኛ እንዲወስድ አይፈቀድም። መጀመሪያ ሥራ ስንጀምር እጃችን እምቢ ይለን ነበር። ዳቦ መሬት ሲወድቅ አንስቶ የሚስም ሕዝብ ነን፤ ትሪ ሙሉ እንዴት እንደምንጥል አስቡት። ያች እህታችን አንድ ማታ ሁለት ክሮሳንት በናፕኪን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች፤ ለልጇ ነው። ካሜራ አየ። በማግስቱ የመግቢያ ባጇን ተቀበሏት። አየር ማረፊያ ውስጥ ባጅ የሌለው ሰው ሥራ የለውም፤ ሌላ ድርጅት እንኳ ሊወስዳት ቢፈልግ አዲስ ባጅ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ለምን እንደተቀማችም ትጠየቃለች።

በዚህ ጉዳይ እኛ አምስታችን እንኳ አንድ አይደለንም። አንዷ «ደንብ ደንብ ነው፣ አስቀድሞ ተነግሯት ፈርማለች» ትላለች። ሌላዋ «የሚጣልን ነገር ያነሳ ሌባ አይባልም» ትላለች። ሁላችንም የተስማማንበት ቢኖር፣ በሰባት ዓመት ሥራዋ አንድ ቀን አርፍዳ እንደማታውቅ ነው። ባለፈው ሪፖርት ላይ «ለአስቸኳይ እርዳታ» ተብሎ የተጻፈውን መስመር ያያችሁ ደጋፊዎች ምን እንደሆነ ጠይቃችሁን ነበር። የአራት ወር ግማሽ የቤት ኪራይ ነበር፣ የእሷ። አሁን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እዚያ የተረፈውን ዳቦ መውሰድ ይፈቀዳል፤ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነበር።

የመጨረሻው ስለ ትኬቱ ነው። እንደምታስታውሱት፣ ከደጋፊዎቻችን አንዷ ባለፈው ዓመት ያጠራቀሙትን የበረራ ማይል ለማኅበሩ አባላት መጓጓዣ እንዲሆን ሰጡን፤ ወደ አገር ቤት ለሁለት ደርሶ መልስ የቢዝነስ ክላስ ትኬት የሚበቃ ነው። የመጀመሪያውን በሎተሪ እናውጣው ስንባባል፣ በጥር ወር ሻወር ለምታጸዳው እህታችን የእናቷ መርዶ መጣ። እንደ ወጋችን ገና ሳይነጋ ተሰብስበን ሄደን ነገርናት። ኮሚቴው ሎተሪውን ትቶ ትኬቱን ለእሷ ሰጠ።

በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ለብሳ አየር ማረፊያ ደረሰች። ትኬቷ የሚያስገባት ላውንጅ ራሷ ስታጸዳው የኖረችው ነበር። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ካርዷን አየች፣ ፊቷን አየች፣ ተነስታ አቀፈቻት። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥናት፤ ሻይ አመጣንላት። ትንሽ ቆይተን ስናይ አጠገቧ ካለው ጠረጴዛ ሰው የተወውን ብርጭቆና ሰሃን ሰብስባ ደራርባዋለች። «ተዪው» አልናት። «እጄ ነው» አለች። ተመልሰን ስንመጣ ደግሞ ፍርፋሪውን በእጇ እየጠረገች ነበር። ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነላትም። ተነስታ ወደ ሻወር ክፍል ሄደች፤ ተራ የያዘ ሰው አልነበረም። ገብታ ቆለፈች።

እዚያ ውስጥ ወደ አርባ ደቂቃ ቆየች። ውኃው ሲፈስ ይሰማናል፤ ከውኃው ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማናል። አየር ማረፊያ ውስጥ ሰው በር ቆልፎ እናቴን ብሎ የሚጮህበት ሌላ ቦታ የለም። ስትወጣ ዐይኗ አብጧል፣ ግን ተረጋግታለች። «አንዳንድ ሰው እዚያ ሲቆይብኝ ስንት ጊዜ በሩን አንኳኩቻለሁ። ፎጣ እየቆጠርኩ ስረግማቸው ነበር» አለችን። ከዚያ ወለሉን እንዳጸዳችው ነገረችን። ሄዳ ያየችው እህታችን እውነቷን ነው አለች፤ መስታወቱንም ወልውላዋለች።

እንግዲህ አንድ ትኬት በእጃችን ቀርቷል። ዛሬ ድምፅ የምንሰጥበት ይህን ነው። ያው ማይል በኢኮኖሚ ቢወጣ ሁለት ሰው ያመላልሳል፤ ይህን ደጋፊያችንን ጠይቀን ተፈቅዶልናል። ሦስታችን በቢዝነስ ክላስ ሆኖ ለታመመ ወይም መርዶ ለደረሰበት አባል ይቀመጥ እንላለን፤ ያን ቀን ያየነውን አይተን። ሁለታችን ግን ለሁለት ሰው ይሁን ባዮች ነን፤ ከሁለቱ አንዷ ራሷ የተጓዘችው ናት። «ደግ ነበር፣ አልክድም። ግን በኢኮኖሚም ብሆን አለቅስ ነበር፤ ሁለተኛዋ ሰው ደግሞ እናቷ በሕይወት እያሉ ትደርስላቸዋለች» ትላለች። ሁለቱንም ሐሳብ ጸሐፊዋ በወረቀት አዘጋጅታለች፤ ወረቀቱ ከዳቦው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ስም አይጻፍም። ቡናው አንደኛው እስኪቀዳ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን።